ከሰባት ዓመት በፊት፦ ሕፃናትን ማሳደግ የጀመዓም ሥራ ነው

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



በዚህ እትም የተርቢያ ዓምድ ስለ ሕፃናት እንነጋገራለን። «ገና ላላገባን ተማሪዎች ይህ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሦስት ነገሮችን እናስተውል። አንደኛ፣ አብዛኞቻችን በቤታችን ታናናሽ ወንድምና እህቶች፣ የእህትና የወንድም ልጆች አሉን። ሁለተኛ፣ በየግቢው አግብተው፣ አርግዘው ወይም ወልደው የሚማሩ እህቶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ልጃቸውን የሚይዝላቸው ሰው በማጣት ብቻ ትምህርታቸውን ያቋርጣሉ። ሦስተኛ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ኢንሻአላህ፣ የመስጂድ ኮሚቴ፣ መምህር፣ ሐኪም፣ እናትና አባት የምንሆነው እኛው ነን።

የዚህ ትምህርት መልእክት አንድ ነው። ትንሽ ልጅን ማሳደግ በአንዲት እናት ትከሻ ላይ ብቻ የሚጣል ሸክም አይደለም። ልጁን የሚያናግረው፣ የሚያጫውተውና የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ከብዙ ገንዘብ ይልቅ ያስፈልገዋል። ይህን አንድ ጀመዓ ሊሰጥ ይችላል።

1. ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ያሳደጉት እነማን ነበሩ?

ሲራን ስናነብ ወደ ወሕዩ፣ ወደ ስደቱና ወደ ዘመቻዎቹ ቶሎ እንሻገራለን። የልጅነታቸውን ዓመታት ግን በዝግታ ማንበብ ይጠቅማል። አባታቸው ዐብዱላህ እሳቸው ከመወለዳቸው በፊት ሞተዋል። ጡት ያጠቧቸውና በገጠር ያሳደጓቸው ከበኒ ሰዕድ ጎሳ የሆኑት ሐሊማ ናቸው። የስድስት ዓመት ልጅ ሳሉ እናታቸው አሚና ከመዲና ወደ መካ በሚወስደው መንገድ፣ አብዋእ በተባለ ቦታ ሞቱ። ከዚያ ቦታ ይዘዋቸው ወደ መካ የተመለሱት በረካ ናቸው፤ በኋላ ኡሙ አይመን ተብለው የታወቁት ሐበሻዊት ሴት። ከዚያ አያታቸው ዐብዱልሙጦሊብ ወሰዷቸው። ስምንት ዓመት ሲሞላቸው እሳቸውም ሞቱና አጎታቸው አቡ ጣሊብ እና የአጎታቸው ሚስት ፋጢማ ቢንት አሰድ ከልጆቻቸው ጋር አሳደጓቸው።

እንቁጠራቸው። አንዲት እናት፣ አንዲት አጥቢ፣ አንዲት ሐበሻዊት ሞግዚት፣ አንድ አያት፣ አንድ አጎትና ሚስቱ ናቸው። አላህ የመረጣቸው መልእክተኛ በብዙ እጅ ያደጉ የቲም ነበሩ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ «ይህ የኔ ድርሻ አይደለም» ብሎ አልተወም። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) ይህን አልረሱም፤ ኡሙ አይመንን እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደ እናት አክብረው ይጠይቋቸው ነበር። ከሳቸው ሞት በኋላም አቡበክርና ዑመር (ረ.ዐ) እሳቸው ያደርጉት እንደነበረው ሄደው ኡሙ አይመንን ይዘይሩ እንደነበር ተዘግቧል።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ይህ ተጨማሪ ትርጉም አለው። ስለ ሐበሻ ስናወራ ቢላልንና ነጃሺን እናነሳለን። የየቲሙን ልጅ እጅ ይዘው በረሃውን የተሻገሩትን ሴትም አብረን ልናነሳ ይገባል።

2. የቤተሰብ ድጋፍ በአንድ አንቀጽ ውስጥ

ሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 ስለ ጡት ማጥባት የሚናገር ነው። በሐለቃችን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ሁለት ሙሉ ዓመት የሚለው ክፍል ነው። አንቀጹ ግን ከዚያ በላይ ይዟል። ይዘቱን በራሳችን አገላለጽ ዘርዝረን እንየው፦

አንደኛ፣ ማጥባቱን ማሟላት ለፈለገ ጊዜው ሁለት ዓመት እንደሆነ ይገልጻል። ሁለተኛ፣ የምታጠባዋን እናት ቀለብና ልብስ በአባት ላይ ያደርጋል፤ ይኸውም በደግ ልማድና በአቅሙ መጠን ነው። ሦስተኛ፣ እናትም ሆነች አባት በልጃቸው ምክንያት እንዳይጎዱ ይከለክላል። አራተኛ፣ አባት ከሌለ ተመሳሳዩ ግዴታ በወራሹ ላይ እንዳለ ያመለክታል። አምስተኛ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ጡት ማስጣል ቢፈልጉ በሁለቱ መዋደድና መመካከር እንዲሆን ያዛል። ስድስተኛ፣ ሌላ አጥቢ መቅጠርን ይፈቅዳል፤ ክፍያዋ በአግባቡ እስከተሰጣት ድረስ።

ውድ እህትና ወንድሞች፣ ይህ ስለ ወተት ብቻ የተነገረ አይደለም። እናት ልጇን እንድትመግብ እሷ ራሷ መመገብ አለባት ማለት ነው። ስለ ልጁ የሚወሰነው ነገር ምክክር ያስፈልገዋል፤ አባት ቢጠፋ እንኳ ልጁ ያለ ተጠሪ አይቀርም፤ ለልጁ የሚደክም ሌላ ሰው ካለም ድካሙ ዋጋ ይከፈልበታል። ዛሬ በባለሙያዎች ቋንቋ «የቤተሰብ ድጋፍ» የሚባለው ከዚህ የራቀ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም ሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ እንዲጠባ፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየጀመረ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ መጥባቱን እንዲቀጥል ይመክራል።

3. ዑመር (ረ.ዐ) ሥርዓት ያሻሻሉበት ሌሊት

በታሪክ መጻሕፍት የተዘገበ አንድ ክስተት አለ። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ከበይተል ማል ለሰዎች ድጎማ የሚሰጥበት መዝገብ አዘጋጅተው ነበር። ለሕፃናት የሚሰጠው ግን ጡት ከጣሉ በኋላ ነበር። አንድ ሌሊት መንገደኛ ነጋዴዎች መዲና አርፈው ሳለ ዑመር ከዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ጋር ሊጠብቋቸው ወጡ። የሕፃን ልቅሶ ሰሙና እናቱን ስለ ልጇ አላህን እንድትፈራ መከሯት። ልቅሶው ግን ሌሊቱን ሙሉ አላቆመም። በመጨረሻ ምክንያቱን ሲጠይቋት፣ ከማን ጋር እንደምታወራ ሳታውቅ፣ ጡት እያስጣለችው እንደሆነ ነገረቻቸው። ዑመር ድጎማ የሚሰጠው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ስለሆነ ነው ያለ ጊዜው የምታስጥለው።

ዑመር (ረ.ዐ) ያን ዕለት ፈጅርን ሲያሰግዱ ከልቅሷቸው ብዛት ቂርአታቸው ለሰዎች በደንብ አይሰማም ነበር ይባላል። ወዲያው ልጆችን ያለ ጊዜያቸው ጡት እንዳያስጥሉ፣ ድጎማውም ለተወለደ ልጅ ሁሉ ከተወለደበት ዕለት ጀምሮ እንደሚሰጥ አስነገሩ።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር አለ። የመጀመሪያው፣ የእናቲቱ ችግር የባሕርይ ችግር እንዳልነበረ ነው። ዑመር መጀመሪያ ላይ መከሯት፤ ምክሩ ግን አልሠራም፤ ያስፈለጋት ምክር ሳይሆን ቀለብ ነበር። ስንቱን እናት ነው «ልጇን አትንከባከብም» እያልን የምንወቅሰው? በእጇ ምን እንዳላት ግን አንጠይቅም። ሁለተኛው፣ በደግ ሐሳብ የተሠራ እርዳታም ሳይታሰብ ሊጎዳ መቻሉ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ድጋፍ ስናስብ መጀመሪያ እናቶቹን እንጠይቅ።

4. ከሰባት ዓመት በፊት ያለው ትምህርት ምን ዓይነት ነው?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልጆችን ሰባት ዓመት ሲሞላቸው በሰላት እንድናዝዛቸው አስተምረዋል። ሰላት የዲን ምሰሶ ሆኖ ሳለ ትእዛዙ እስከ ሰባት ዓመት ከዘገየ፣ ከዚያ በፊት ያሉት ዓመታት ለሌላ ነገር ተሰጥተዋል ማለት ነው። ይህም ልጁ ፍቅርን፣ ቋንቋን፣ እምነት መጣልንና አደብን የሚጠጣበት ጊዜ ነው። ባዶ ጊዜ እንዳልሆነ ሳይንሱም ይናገራል። የልጅ አእምሮ በመጠኑ በአምስት ዓመቱ ገደማ የአዋቂን 90 በመቶ ያህል ይደርሳል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከትንንሽ ልጆች ጋር እንዴት እንደነበሩ በሐዲስ ስብስቦች የተዘገቡትን እንይ። የአነስ ኢብን ማሊክ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ስትሞትበት ስለ ወፏ እየጠየቁ አጫወቱት። የልጃቸውን የዘይነብን ልጅ ኡማማን ተሸክመው ሰግደዋል። ረጅም ሰላት ሊያሰግዱ አስበው የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ እናቱ እንዳትጨነቅ ያሳጥሩት ነበር። በእሳቸው ቤት ያድግ የነበረው ዑመር ኢብን አቢ ሰለማ እጁን በሳህኑ ውስጥ እዚህም እዚያም ሲያዞር ቢያዩት፣ እዚያው ማዕዱ ላይ ቢስሚላህ እንዲል፣ በቀኝ እጁ እንዲበላና ከፊቱ ካለው እንዲያነሳ አስተማሩት። ትምህርቱ አጭር ነበር፤ በሥራው ላይ እንዳለ ተነገረው፤ ስድብም አልነበረበትም።

ሌላ ለእኛ የሚቀርብ ታሪክ አለ። ኡሙ ኻሊድ የምትባል ልጅ የተወለደችው ወላጆቿ ወደ ሐበሻ ተሰደው ሳለ ነው። ወደ መዲና ከተመለሱ በኋላ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጥለት ያለው ጥቁር ልብስ መጣላቸውና አስጠርተው በእጃቸው አለበሷት። ከዚያም ጥለቱን እያሳዩ በሐበሻ ቋንቋ «ሰናህ» አሏት፤ ቆንጆ ነው ማለት ነው። የግዕዙን «ሠናይ» ለምናውቅ ለእኛ ቃሉ ሩቅ አይደለም። ልጅቷ በለመደችው ቋንቋ ተናገሯት። በጀርባቸው ባለው የነቢይነት ማኅተም ስትጫወት አባቷ ቢቆጣትም እሳቸው ተዋት አሉት። ልጅን አፉን በፈታበት ቋንቋ ማስተማር ዛሬ ባለሙያዎች አጥብቀው የሚመክሩት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ማዕቀፍ ለትንሽ ልጅ አምስት ነገሮች ያስፈልጉታል ይላሉ። እነሱም ጤና፣ በቂ ምግብ፣ ስሜቱን አይቶ የሚመልስለት ተንከባካቢ፣ ከአደጋና ከጥቃት መጠበቅ፣ እና ገና ከሕፃንነቱ የመማር ዕድል ናቸው። የመማር ዕድል ሲባል እርሳስ አስይዞ ማስጻፍ አይደለም። ሕፃኑ ድምፅ ሲያወጣ መመለስ ነው፤ ባቄላውን ከሽምብራው እየለየ እንዲቆጥር መፍቀድ ነው፤ የሱለይማንን ጉንዳንና ሁድሁድ፣ የዩኑስን ዓሣ መተረክ ነው።

ይህ ትንሽ ሥራ የረጅም ዘመን ውጤት እንዳለው የሚያሳይ ጥናት በጃማይካ ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኪንግስተን ከተማ ዕድሜያቸው ከ9 እስከ 24 ወር የሆኑ 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመረጡ። ለከፊሎቹ የአካባቢ ጤና ሠራተኞች በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል ወደ ቤት እየሄዱ፣ ከቤት ዕቃ በተሠሩ መጫወቻዎች እናትየዋ ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወት ያሳዩ ነበር። ይህ ለሁለት ዓመት ቀጠለ። ከ20 ዓመት ገደማ በኋላ ሲጠና፣ ይህን ጉብኝት ያገኙት ካላገኙት 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ መጫወቻውም ከቤት ዕቃ የተሠራ ነው።

5. ከሞምባሳ የተገኘ ልምድ

«ይህ ሁሉ ለባለሀብት አገር ነው» እንዳንል ጎረቤታችንን ኬንያን እንመልከት። በምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ጠረፍ የሚኖሩ ሙስሊሞች ልጆቻቸውን ወደ ቁርኣን ቤት ይልኩ ነበር። ወደ መደበኛ ትምህርት ቤት ሲገቡ ግን ልጆቹ ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር። ወደ ሌሎች መዋዕለ ሕፃናት መላክ ደግሞ ሃይማኖታቸውንና ባህላቸውን ያስጥላቸዋል የሚል ሥጋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 የማኅበረሰቡ መሪዎች ጉዳዩን ለኢስማዒሊዎች መሪ ለአጋ ኻን አቀረቡ። ከዚያም ሥራው በ1980ዎቹ አጋማሽ በሞምባሳ ተጀመረ። በ1990 ወደ ዛንዚባር፣ በ1993 ወደ ኡጋንዳ ተስፋፋ። በዐቂዳ ያለው ልዩነት የታወቀ ሆኖ፣ እኛ እዚህ የምንወስደው የአሠራሩን ትምህርት ነው።

አሠራሩ ምን ነበር? መጀመሪያ የመንደሩ ሰው ራሱ ትምህርት ቤቱን ይፈልገዋል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። ከፈለገ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ ሴቶችም በኮሚቴው ይገባሉ። ቦታውን የሚሰጠው ማኅበረሰቡ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያው የቁርኣን መማሪያ ክፍል ነው። አስተማሪዎቹ ከዚያው መንደር የሚመረጡ ሴቶች ሲሆኑ ለረጅም ጊዜ እየሠሩ ይሠለጥናሉ። ከመጀመሪያዎቹ አሠልጣኞች አንዷ፣ በባሕር ጠረፉ «ቢ ስዋፊያ» እየተባሉ የሚታወቁት መምህርት ስዋፊያ ሰዒድ ነበሩ። መጫወቻው ከአካባቢው ይሠራል፤ የኮኮናት ቅርፊት፣ ዛጎል፣ ዘር፣ ጨርቅና ባዶ ጣሳ ሁሉ ያገለግላል። ልጆቹ በስዋሂሊ ይዘምራሉ፣ ዱዓዎችን ይማራሉ፣ እየነኩና እየሞከሩ ይቆጥራሉ። ሙስሊም ያልሆኑ ልጆችንም ይቀበላሉ። ከጊዜ በኋላ ቁጥራቸው ወደ 200 ገደማ ደርሷል። በሦስቱ አገሮች የተደረገ ጥናትም እነዚህ ልጆች ቤት ከቀሩትም፣ ወደ ሌሎች መዋዕለ ሕፃናት ከሄዱትም የተሻለ የማሰብ ችሎታ እድገት ማሳየታቸውን አግኝቷል።

እዚህ ላይ ልብ የምንለው ነገር አለ። ማኅበረሰቡ ቁርኣንንና ዘመናዊውን ትምህርት አላጣላም። ያለውን ቤት፣ ያሉትን ሴቶችና ያለውን ቋንቋ ተጠቀመ። ልጁ ከቁርኣን አልራቀም፤ ቁርኣን የሚማርበት ቦታ ግን ለዕድሜው የሚስማማ ሆነለት።

6. እኛ ዘንድ ያለው

በአገራችን ለመጀመር የሚያንሰን ነገር የለም ማለት ይቻላል። ሙስሊም ባለበት መንደር ሁሉ ቁርኣን ቤት አይጠፋም። ዕድር አለን፤ በወሎ ቅሬ፣ በሐረር አፎቻ ይባላል። ሰው ሲሞት ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ቀባሪው፣ ገንዘቡ በአንድ ሰዓት ይደርሳል። ሴት ስትወልድ ግን ገንፎና አጥሚት ይዘን እንጠይቃታለን፤ ከአርባ ቀን በኋላ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። ለቀብር የተደራጀነውን ያህል ለልደት አልተደራጀንም። ሁለቱም ግን የጀመዓ ሐቅ ናቸው።

መንግሥትም በበኩሉ የጀመራቸው ነገሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የትምህርት፣ የጤናና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች በጋራ የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ አውጥተዋል። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች «ዜሮ ክፍል» የሚባለው ተስፋፍቷል። በሕግ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለሠራተኛ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከክፍያ ጋር ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ደግሞ መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር።

ይሁን እንጂ በቀን ሥራ ልብስ የምታጥብ፣ በጉሊት የምትሸጥ ወይም እንጀራ ጋግራ የምታቀርብ እናት በእነዚህ ሕጎች ውስጥ አትገባም። ልጇን በጀርባዋ አዝላ ትሠራለች ወይም ለስድስት ዓመት እህቱ ትታው ትሄዳለች። ወደ ዐረብ አገር ለሥራ የሄዱ እናቶች ልጆችም አሉ፤ አያት ትይዛቸዋለች፤ ገንዘቡ ይመጣል፣ ከአያት ጋር የሚቆም ሰው ግን አይመጣም። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ከሦስት ልጆች ከአንድ በላይ ማለት ነው።

ቁርኣን ቤቶቻችንንም በፍቅር እንመልከታቸው። ኡስታዞቻችን በትንሽ ገቢ የሚደክሙ ናቸው፤ አላህ ይመንዳቸው። ነገር ግን በብዙ ቦታ የአራት ዓመት ልጅ ከአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ፣ ለረጅም ሰዓት፣ አለንጋ እያየ ይቀመጣል። በሰባት ዓመቱ በሰላት የሚታዘዝ ልጅ በአራት ዓመቱ ሐርፍ ስለተሳሳተ የሚመታ ከሆነ፣ የሚማረው ሐርፉን ሳይሆን ፍርሃትን ነው። ፍርሃቱም ከቁርኣን ጋር ተያይዞ ልቡ ውስጥ ይቀራል።

7. ምን እናድርግ?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ለጀመዓችን የምናቀርባቸው ሐሳቦች የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. በግቢ ውስጥ። ወልደው የሚማሩ እህቶችን በእህቶች ክፍል በኩል በክብርና በምስጢር እንጠይቅ፤ ምን እንደሚያስፈልጋቸው የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ለአንዷ በፈተና ሰዓት ልጇን የሚይዝላት ሰው ነው፤ ለሌላዋ ያመለጣት ማስታወሻ ነው፤ ለሌላዋ ጸጥ ያለ የማጥቢያ ቦታ ነው። ልጅ የሚይዙት እህቶች ሁልጊዜ ሁለት ሁለት ሆነው፣ እናቲቱ በመረጠችውና ሰው በሚያይበት ቦታ ይሁን። የልጅ ደኅንነት በመተማመን ብቻ አይታለፍም።

ለ. በክረምት ቤታችን ስንሄድ። ስልካችንን አስቀምጠን በቀን ግማሽ ሰዓት ከታናናሾቻችን ጋር እንቀመጥ። ከቆርኪ፣ ከጭቃ፣ ከጨርቅ መጫወቻ እንሥራ፤ ተረት እንንገር። ወንድሞችም ጭምር። ልጅ ማጫወት የሴት ሥራ ነው የሚል ሰው፣ ኡማማን ተሸክመው የሰገዱት ማን እንደሆኑ ያስታውስ። የክትባት ካርዱንም እንመልከት፤ ሕፃናት በተወለዱ ጊዜ፣ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ በ9 ወርና በ15 ወር ወደ ጤና ተቋም መቅረብ አለባቸው።

ሐ. በሰፈራችን ቁርኣን ቤት። ለማስተማር ከመቸኮላችን በፊት ኡስታዙን ወይም ሸይኻችንን አክብረን «ምን እናግዝዎ?» እንበል። ትንንሾቹን ከትልልቆቹ ለይቶ ለአጭር ሰዓት ማስተማር፣ በመሀል ማጫወት፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃና ንጹሕ መፀዳጃ ማዘጋጀት ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ከመንደሩ እህቶች አንዷ ትንንሾቹን ብትይዝ የሞምባሳው ጅማሬ እኛም ዘንድ ተጀመረ ማለት ነው።

መ. በየትምህርት ክፍላችን። የጤና ተማሪዎች ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ የሥነ ልቦናና የትምህርት ተማሪዎች ስለ ጨዋታና ያለ ዱላ ሥርዓት ስለ ማስያዝ፣ የሕግ ተማሪዎች ስለ ወሊድ ፈቃድ መብት በቀላል አማርኛና በየአካባቢያችን ቋንቋ አጭር ትምህርት ማዘጋጀት ይችላሉ።

ሠ. በገንዘብ። ዘካ የሚሰጥባቸው ስምንቱ ክፍሎች የታወቁ ናቸው፤ ደሃ እናት በድህነቷ ትገባለች፤ ለሌላው ወጪ ሶደቃና ወቅፍ አለ። የቱ ከየት እንደሚከፈል ዑለማዎቻችንን ጠይቀን እንሥራ። ትንሽ ሆኖ በየወሩ የማይቋረጥ መዋጮ፣ በረመዳን አንዴ ተሰብስቦ ከሚያልቀው ብዙ ገንዘብ የበለጠ ልጅ ያሳድጋል። ልጅ የሚበላው በየቀኑ ነውና።

ለሐለቃ መወያያ ጥያቄዎች

1. ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው ከተንከባከቡት ሰዎች መካከል የዛሬውን የእኛን ድርሻ የሚመስለው የማን ነው? ለምን?
2. ዑመር (ረ.ዐ) እናቲቱን ከመምከር ወደ ሥርዓቱን ማሻሻል የተሸጋገሩት ምን ስላወቁ ነው? በጀመዓችን ከምንሰጠው እርዳታ ሳይታሰብ የሚጎዳ ሊኖር ይችላል?
3. በሰፈራችሁ ቁርኣን ቤት ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቀናቸውን እንዴት ያሳልፋሉ? አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ቢቻል ምኑን ትለውጣላችሁ?
4. በአካባቢያችሁ ያለው ዕድር፣ ቅሬ ወይም አፎቻ ለወለደች እናት ምን ያደርጋል? ምን ሊጨምር ይችላል?

ውድ እህትና ወንድሞች፣ ሁላችንም እረኞች ነን፤ ሁላችንም ስለ ተሰጠን አማና እንጠየቃለን። ትንሽ ልጅ ስለ ራሱ አቤት ማለት አይችልም፤ የተራበ፣ የፈራ ወይም የሚያናግረው ያጣ እንደሆነ ማልቀስ ብቻ ነው የሚችለው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ልቅሶውን ሰምተው ሰላታቸውን አሳጠሩ። ዑመር (ረ.ዐ) ሰምተው ሥርዓታቸውን ለወጡ። እኛም ሰምተን የሳምንታችንን አንድ ሰዓት ብንሰጥ ከሱናው መንገድ ነው።

አላህ ልጆቻችንን የዓይን ማረፊያ፣ እናቶቻችንን በጀነት የሚካሱ ያድርግልን። አጋዥ ላጡት አጋዥ ያድርገን። ለወልደው ለሚማሩ እህቶቻችን ትምህርታቸውን ያግራላቸው። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።